ከበራድ የተፋቀ

ይማርሽ ወልደ ሰንበት ባሏን ያስበላባትን ሰው ስም በየቀኑ የምትጠራው በአክብሮት ነበር። «ጓድ ሙሉሃብት፣ ውሃው ፈልቷል» ትላለች። «ጓድ ሙሉሃብት፣ አንሶላው ደርቋል» ትላለች። የላሊበላ ሰው ይህን እየሰማ በሁለት ተከፍሎ ያማት ነበር። ገሚሱ ችግር ነው እንዲህ ያደረጋት እያለ ያዝንላታል፤ ገሚሱ ደግሞ የባሏ ሐዘን ሳይወጣ ለጠላቱ አንሶላ አጣቢ ሆነች እያለ ይጸየፋታል። ሁለቱም ወገን ተሳስቶ ነበር። ይማርሽ በዚያ ግቢ የቆየችው ለዕለት ጉርሷ ብላ አልነበረም፤ በደሏንም አልረሳችም። ሙሉሃብት ባሏን በጣለበት ቃል እሱ ራሱ ሲወድቅ በዓይኗ ለማየት ነበር።

ቃሉ «አሻጥር» ነው። ላስታ የገባው ከቦኖው ውሃ ጋር በአንድ ሰሞን ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት የአገሩ ሰው ዕቃ ሲሰበርበት እጁን ወይም ዕድሉን ይረግማል እንጂ የሚታሰር ሰው አይፈልግም ነበር።

በሰባዎቹ መባቻ ከከተማው በታች ከተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ በሞተር እየተሳበ ወደ ላይ ወጣ። በየሰፈሩ ቦኖ ተተከለ፤ ለመንግሥት እንግዳ ማረፊያም ለብቻው ቧንቧ ተዘረጋለት። ውሃው ለዓይን የጠራ፣ ለአፍ ቀዝቃዛ ነበር። ጠጣርነቱ የታወቀው እሳት ሲነካው ነው። ሻይ የሚፈላበት በራድ ውስጡ ነጭ ለበሰ፤ ነጩ እየወፈረ ቅርፊት ሆነ፤ ቅርፊቱ እየጠጠረ ድንጋይ ሆነ። ቀድሞ በትንሽ ጭራሮ ይፈላ የነበረው በራድ ሸክም እንጨት በልቶም አልሞቅ አለ። የገላ መታጠቢያው ወንፊት ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ተደፈኑ። ሳሙና ቢፈትጉት አረፋ አይወጣውም፤ አንሶላው ታጥቦ ሲደርቅ እንደ ቆዳ ይገተራል።

የይማርሽ ባል ደርበው የብልባላ ገበሬ ልጅ ነበር። የቧንቧውን ቦይ ሊቆፍር በቀን ሠራተኛነት መጥቶ፣ እግረ መንገዱን ቧንቧ ማያያዝ ተምሮ፣ በመጨረሻ የእንግዳ ማረፊያው ማሞቂያ ጠባቂ ሆኖ ቀረ። ማሞቂያው ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ከሥሩ እንጨት የሚነድበት የብረት ጋን ነው። ደርበው ስለ ውሃው ጠባይ የሚያውቀው ብዙ አልነበረም። የሚያውቀው ማሞቂያው ሲሰነብት እንደሚያጉረመርምና ጎኑን በወይራ መዶሻ ሲመቱት ዝም እንደሚል ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቱን አጥፍቶ ዙሪያውን ይመታዋል፤ የታችኛውን ቧንቧ ሲከፍትም ነጭ ስብርባሪ ከውሃው ጋር ይወርዳል። ድምፁ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላው ይሰማ ስለነበር ካህናቱ ሳይቀሩ «የደርበው መረዋ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ሙሉሃብት የማረፊያው ኃላፊም የቀበሌው ሊቀመንበርም ነበር። በልጅነቱ ዳዊት የደገመ፣ ቅኔ ቤት ደጃፍ ደርሶ የተመለሰ ሰው ነው። አብዮቱ ሲመጣ ግን ሃይማኖት የድኃ ማደንዘዣ መሆኑን በየስብሰባው የሚያስተምር እሱ ሆነ፤ ትምህርቱንም ከዳዊቱ አስበልጦ በቃሉ ያዘው።

በዚያ ዓመት በጋ የልዑካን ቡድን አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባ ጀመር። ሙሉሃብት የማሞቂያው እሳት ሌሊትም ቀንም እንዳይጠፋ አዘዘ። ደርበው ማሞቂያው እያጉረመረመ መሆኑን ነግሮ አንድ ቀን ብቻ እንዲፈቅዱለት ለመነ። ሙሉሃብት ማጉረምረም የአድኃሪያን እንጂ የማሞቂያ ጠባይ አይደለም ብሎ በሰው ፊት ሳቀበት። ከደሴ ትልልቅ እንግዶች በገቡ ማግስት ማሞቂያው በስፌቱ በኩል ተተረተረ። ሰው አልተጎዳም፤ የፈላው ውሃ ግን ግቢውን አጥለቀለቀው፤ እንግዶቹም በጥቅምት ውርጭ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበው፣ ተቆጥተው ሄዱ።

እሳቱ እንዳይጠፋ ያዘዘው ማን ነው ተብሎ ከመጠየቁ በፊት ሙሉሃብት ስብሰባ ጠራ። ማሞቂያው የፈነዳው በአሻጥር ነው አለ። ማስረጃ ፍለጋ መድከም እንደማያስፈልግ፣ ደርበው ቅዳሜ ቅዳሜ ሲደበድበው ያልሰማ ሰው ካለ እጁን እንዲያወጣ ጠየቀ። ማን እጁን ያወጣል? ሁሉም ሰምቷል። ቀጥሎ ይማርሽን ከሴቶቹ መሀል አስነሳት።

«ባልሽ ማሞቂያውን ይመታው ነበር ወይስ አይመታውም ነበር?»

«ይመታው ነበር፤ ግን—»

«ይበቃል። ተቀመጪ።»

እሷም ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ የሚያቃጥላት ይኸው ነበር፦ ሰውዬው ባሏን ሲያስርባት የእሷን አፍ ምስክር አድርጎ መጠቀሙ፣ እሷም ተቀመጪ ስትባል መቀመጧ።

ደርበው ወደ አውራጃው ከተማ ተወሰደ። ይማርሽ በጭነት መኪና፣ መኪና ሲታጣ በእግሯ፣ ስንቅ ታመላልስ ነበር። ክረምት ሲገባ አንድ ዘበኛ አገልግሏን ሳይከፍት መለሰላትና ከእንግዲህ እንዳትለፋ ነገራት። የዚያ ዘመን ሰው ለዚህ ቃል ፍቺ አይጠይቅም። የአሻጥረኛ ለቅሶ መቀመጥ ክልክል ነበርና አላለቀሰችም፤ ቂም መያዝን ግን የሚከለክላት አልተገኘም።

ከመስቀል በኋላ ሙሉሃብት ዘንድ ቀርባ የአጣቢነት ሥራ ለመነች። እሱም ደስ ብሎት ተቀበላት፤ በሚቀጥለው ስብሰባም አብዮቱ የባልን ጥፋት ከሚስት እንደማይፈልግ እሷን እያሳየ አስረዳባት። እሷም እጅ ነሳች።

አዲስ ማሞቂያ መጣ። የሚጠብቀው አራጋው የሚባል፣ የልጆች አባት የሆነ ፈሪ ሰው ተቀጠረ። መጀመሪያ የተሰጠው ትእዛዝ መዶሻ ወደ ማሞቂያው እንዳያስጠጋ ነው። መምታት አሻጥር ነው ተብሎ ከተፈረደ በኋላ የሚመታ ማን ይገኛል? በማረፊያው ውስጥ ያለ ብረት ሁሉ በጸጥታ ነጩን ይለብስ ጀመር። ለይማርሽ የተተወላት በራዶቹን መፋቅ ብቻ ነበር። እሷም በቢላ ትፍቃለች፤ የፋቀችውን ግን አትደፋም። ወደ ቤቷ ወስዳ በድንጋይ ታልመውና በቅል ታስቀምጠዋለች። ምን እንደምታደርገው ገና አልወሰነችም። አንድ ቀን የሚያይ ዓይን ያለው ሰው ቢመጣ ባሏ ሲያራግፍ የነበረው ይህ መሆኑን ለማሳየት ነው ብላ ለራሷ ትነግር ነበር። ቅሉ ሞላ፤ ዓይን ያለው ሰው ግን አልመጣም።

በዚህ መሀል ሙሉሃብት ታመመ። ቃር ያዘው፤ ቀጥሎም ጨጓራው ይነድ ጀመር። እህል ሲቀምስ ይቃጠላል፣ ሳይቀምስ ሲቀርም ይቃጠላል። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ክኒን አለቀ፤ ሌላ እስኪመጣም ክብደቱ ቀነሰ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እንግዶች ቤተ ክርስቲያኖቹን ሊጎበኙ በወጡበት ሰዓት፣ ይማርሽ ወደምታጥብበት ጓሮ መጣ። ዙሪያውን አየ። ስለ ሳሙና እጥረት ጠየቃት። ስለ አንሶላው ንጣት አመሰገናት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አባቷ ቄስ ወልደ ሰንበት አሁንም በገነተ ማርያም ያገለግሉ እንደሆነ ጠየቃት።

«ያገለግላሉ» አለችው።

ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም እያለ ነገራት። ከገነተ ማርያም ትንሽ እምነት ብታመጣለት ይወዳል። እምነት ከቤተ ክርስቲያን ተወስዶ በሽተኛ የሚቀባውና በውሃ በጥብጦ የሚጠጣው የተባረከ አፈር ነው፤ የላስታ ሰው ለሆድ ሕመም ከዚያ የሚያስቀድመው መድኃኒት የለም። ለእሱ አይደለም፤ ለአንዲት አሮጊት ዘመዱ ነው። ለማንም እንዳትነግር።

ይማርሽ የቄስ ልጅ ናትና አሮጊቷ ማን እንደሆነች ወዲያው ገባት። መጀመሪያ ያሰበችው አላመጣም ማለትን ነበር። የተባረከ ነገር በዚያ ሆድ ውስጥ ሲገባ ማየት አልፈለገችም። ቀጥሎ ቅሉ ትዝ አላት።

በሰንበት ማግስት በአሮጌ ጋዜጣ ቁራጭ የተጠቀለለ ነጭ ዱቄት አምጥታ ሰጠችው። እምነት የሚለውን ቃል ከአፏ አላወጣችም፤ ሐሰት ለመናገር አልፈለገችምና።

«ከድንጋይ የተፋቀ ነው» አለችው።

ሙሉሃብትም ከድንጋይ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አገር ሰው ነው። ከድንጋይ የተፋቀ ሲባል ሌላ ነገር አልመጣለትም። ዱቄቱን በሁለት እጁ ተቀበለ።

የዚያን ዕለት ይማርሽ ወደ ቤቷ ስትሄድ የምትለምነው አንድ ነገር ነበር፦ በራዱን የደፈነ ሆዱን ይድፈን፤ ማሞቂያውን የተረተረ እሱንም ይተርትር። በሳምንቱ ሙሉሃብት ፊቱ ወዝቶ መጣ። ቃሩ ለቆታል፤ ሽሮ በበርበሬ በልቷል፤ እንቅልፍ ወስዶታል። አሮጊቷ ዘመዱ ተሽሏታልና ተጨማሪ ብታገኝላት ብሎ ጠየቀ። ይማርሽ አንሶላውን ጨምቃ ጨምቃ ስፌቱን ቀደደችው። የቃር ክኒን ራሱ ከእንዲህ ያለ ነጭ ድንጋይ ዱቄት እንደሚሠራ አታውቅምና፣ እግዚአብሔር ከማን ወገን ነው ብላ ተናደደች፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ሥራውን ልትተው ቃጣት።

ያልተወችው ሦስተኛውን ጥቅል ስትሰጠው የሆነውን ስላየች ነው። ሙሉሃብት ጥቅሉን ከተቀበለ በኋላ ተሳልሞ፣ ግንባሩን አስነክቶ፣ በደረት ኪሱ ከፓርቲው አርማ ሥር ከተተው። ያደረገው ሳይታወቀው ነበር፤ የልጅነት እጁ ነው ያደረገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይማርሽ ዱቄቱን ራሷ እየጠቀለለች፣ ሳታቋርጥ ትሰጠው ጀመር። አነጋገሩም ተለወጠ፤ አንቺ ይላት የነበረው ሰው ብቻቸውን ሲሆኑ እትዬ ይማርሽ ይላት ገባ። እሷም እንደ ወትሮው ጓድ ሙሉሃብት ትለዋለች። ስብሰባ ሲኖር ሆዱ ስለሚብስበት ጥቅሉን ከኪሱ እንደማይለይ አወቀች። ከዚህ በኋላ የቀራት ስብሰባው ብቻ ነው።

ስብሰባውን ያመጣው ማሞቂያው ነው። መዶሻ ሳይነካው ከርሞ አንድ ማለዳ ሙቅ ውሃ መስጠት አቆመ። እሳቱ ይነድዳል፣ ብረቱ ይግላል፣ በቧንቧው የሚወርደው ግን ጠብታ ነው። ከደሴ ሸዕባን የሚባሉ በማሽን ሥራ ያረጁ ተቆጣጣሪ ተላኩ። ሙሉሃብትም እንደ ልማዱ ቀድሞ በመመገቢያው አዳራሽ ሕዝቡን ሰበሰበ። ቡጢ ተነሥቶ መፈክር ከተባለ በኋላ የመጀመሪያውን አሻጥር አስታወሰ፤ ጠላት በአዲስ ልብስ መመለሱን ተናገረ፤ ጣቱንም ወደ አራጋው ቀሰረ። አራጋው ተነሥቶ አንድም ቀን መትቼው አላውቅም አለ። ሙሉሃብት የዛሬው አሻጥር ድምፅ የሌለው በመሆኑ ከቀድሞው የከፋ ነው ብሎ መለሰለት። አራጋው ሳይፈቀድለት ተቀመጠ።

ይማርሽ ያን ጊዜ ለመናገር ጠየቀች። ለአራጋው አዝና ነበር ቢባል ውሸት ይሆናል። ስትጠብቀው የኖረችው ሰዓት መድረሱን አውቃ ነው።

«ጓድ ሙሉሃብት፣ በደረት ኪስዎ የያዙት ምንድን ነው?»

የሙሉሃብት እጅ ወደ ኪሱ ሄዶ ከመንገድ ተመለሰ። «የግል ጉዳይ ነው። ተቀመጪ።»

«ያን ጊዜ ተቀመጪ ሲሉኝ ተቀምጬ ነበር። ዛሬ አልቀመጥም።»

ሸዕባን መነጽራቸውን አውልቀው ሴትዮዋን አዩ፤ ሊቀመንበሩንም አዩ፤ ያለው እንዲወጣ በእጃቸው አመለከቱ። ሙሉሃብት ጥቅሉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሸዕባን ጋዜጣውን ፈቱት። ነጩን ዱቄት ያየ ሁሉ አወቀው፤ ያወቀው መሰለው። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ሳያስቡት አማተቡ። ሸዕባን የቃሉ አውራጃ ሙስሊም ነበሩና ምንነቱን ጠየቁ፤ ማንም ቀድሞ ሊነግራቸው አልፈለገም።

«ከሁለት አንዱ ነው» አለች ይማርሽ። «ጓድ ሙሉሃብት ራሳቸው ይምረጡ። እምነት ነው ካሉ፣ እኛን ሃይማኖት ማደንዘዣ ነው እያሉ እሳቸው በስውር ሲጠጡት ከርመዋል። እምነት አይደለም ካሉ ደግሞ ከዚህ ቤት በራድ የተፋቀ ቅርፊት ነው። የፋቅሁት እኔ ነኝ። ደርበው በመዶሻ ሲያራግፈው የነበረውም ይኸው ነው።»

ሙሉሃብት ዱቄቱን አየ። ፊቱ ላይ መጀመሪያ የታየው ፍርሃት አልነበረም፤ እንደ ተታለለ ልጅ ያለ መገረም ነበር። ፍርሃቱ ቀጥሎ መጣ። በፊቱ ሁለት በር የተከፈተ ይመስል ቆሞ ሲያመነታ ሕዝቡ ሁሉ ይመለከተው ነበር፤ በአንደኛው በር ካድሬነቱ ይቀራል፣ በሌላኛው ደርበው ወጥቶ ፊቱ ይቆማል።

«እምነት አይደለም» አለ በመጨረሻ። «የበራድ ቅርፊት ነው።»

«የበራድ ቅርፊት ይበላል እንዴ?» አሉ ሸዕባን።

«ለሆዴ ነው።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ከወንበር ወደ ወንበር ዞረ። ሸዕባን አልሳቁም። ዱቄቱን በጣታቸው አሹት።

«በራዱ ይህን ከየት አመጣው?»

«ከውሃው» አለ ሙሉሃብት።

«እንግዲያ አሻጥረኛው ውሃው ነው። ውሃውን እንሰር?»

ማሞቂያው እንዲፈታ አዘዙ። አራጋው ቁልፎቹን እየፈታ ክዳኑን ሲያነሳ ሕዝቡ ከቦ አየ። ክንድ የሚያስገባው ቧንቧ ጣት አላስገባ ብሎ ነበር፤ የጋኑም ግድግዳ ነጭ ድንጋይ ለብሷል። ሸዕባን ለረጅም ጊዜ ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ከዚያ የመጀመሪያው ማሞቂያ ከመፈንዳቱ በፊት እሳቱ እንዳይጠፋ ያዘዘው ማን እንደነበር ጠየቁ። ቀድሞ ዓይኑን ይሰብር የነበረው ሕዝብ በአንድ ላይ ወደ ሙሉሃብት ዞረ። የመንግሥት ንብረት በገዛ ትእዛዙ አጥፍቶ ንጹሕ ሰው ማስያዙን ሸዕባን በዚያው በክዳኑ አጠገብ ቆመው ተናገሩ፤ ይህን ሥራ ምን ብለው እንደሚጠሩት ሲፈልጉም ከሕዝቡ መሀል ብዙ አፍ ቃሉን አቀበላቸው። አሻጥር።

ይማርሽ ቃሉን ሰማች። እንዳሰበችው ያህል ግን አልጠገበችም። ሰውዬው እስር ቤት ይገባል ብላ ስትጠብቅ፣ ከኃላፊነቱ ተነሥቶ ሙጃ ከተማ ለዕቃ ቤት ጠባቂነት መመደቡን ሰማች። ደርበው ግን መመደቢያ አልነበረውም። ሰው ሁሉ እየመጣ እንኳን ደስ ያለሽ ሲላት፣ ቀድሞ ያማት የነበረውም ሲያመሰግናት፣ እሷ ምን አገኘሁ እያለች ትጠይቅ ነበር። አባቷ ከገነተ ማርያም መጥተው፣ የደርበው ስም ነጽቷልና ከእንግዲህ ልቧን እንድታሳርፍ መከሯት።

ሙሉሃብት ሙጃ ከመሄዱ በፊት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአጥሯ ደጃፍ መጥቶ ቆመ። ከስቷል፤ አንድ እጁን ከሆዱ አያነሳም።

«እትዬ ይማርሽ፣ እንደምን ዋሉ?»

ከጓሮ ወጥታ በአጥሩ ውስጥ ቆመች። እሱም ቸኩሎ ያመጣውን ተናገረ። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ጨጓራው እንደገና ይነድደዋል። መንገዱ ሩቅ ነው። ጥቂት ብትሰጠው ለመንገድ ይሆነው ነበር።

«የበራድ ቅርፊት እኮ ነው» አለች።

«አውቃለሁ። ግን ያሽረኛል።»

ገብታ ቅሉን ይዛ ወጣች። ሙሉሃብት መሀረቡን ዘርግቶ ተጠጋ። ይማርሽ ቅሉን በመሀረቡ ላይ አሳልፋ፣ ከአጥሩ ሥር ወዳለው እርጥብ መሬት ገለበጠችው። ዱቄቱ ሁሉ እስኪወርድ የቅሉን ቂጥ በመዳፏ መታችው።

«ሙጃም ውሃ አለ» አለችው። «በራድ ግዛ። አንተው አፍላ፤ አንተው ፋቅ።»

በዚያ ሁሉ ዘመን አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። ሙሉሃብት ጎንበስ ሊል ቃጣው፤ ዓይኗን ሲያይ ቀጥ አለ። ከጓሮ ዶሮዎቿ ነጩን አይተው እየሮጡ መጡ፣ ዱቄቱንም ይለቅሙት ጀመር። ዶሮዎቹን ቆሞ ሲያይ ትታው ገባች።